ሁለተኛ የወጣሁበት እሁድ

ሰው ስለ ሩጫ ሲያወራ ስለ ሳንባና ስለ ወኔ ያወራል። እኔ የሮጥኩት በንዴት ነው። በደርግ ጊዜ፣ አሥመራ ውስጥ፣ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈትል ክፍል ሠራተኛ ሆኜ በሮጥኩባቸው ሦስት ዓመታት አንድም ቀን ደስ ብሎኝ ሮጬ አላውቅም። ሐኪም አላዘዘኝም፤ ማንም አልለመነኝም። ከከተማው የምወጣበት ሌላ መንገድ ስላጣሁ ብቻ ነው።

አባቴ ከጎጃም የመጣ ፖሊስ ነበር። እኔ ግን የተወለድኩት እዚያው አሥመራ፣ ገዛ ባንዳ ሰፈር ነው፤ አማርኛን ከቤት፣ ትግርኛን ከደጅ እየለቀምኩ አደግኩ። ያገባሁትም የሰፈሬን ልጅ ነው። ልጃችን ዓመት ሳይሞላት አንድ ጠዋት ሥራ እሄዳለሁ ብሎ ወጣና አልተመለሰም። በዚያን ጊዜ እንደዚያ ወጥቶ የቀረ ሰው የት እንደገባ አሥመራ ውስጥ የሚጠይቅ አልነበረም፤ በረሃ እንደገባ ሁሉም ያውቃል። ቀበሌውም ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመንግሥት የወንበዴ ሚስት፣ ለጎረቤት ደግሞ የፖሊስ ልጅ ሆኜ ቀረሁ። ሁለቱም ወገን ሲያየኝ ወሬውን ያቋርጣል።

አባቴ ሲሞት እናቴ አዲስ አበባ ወንድሟ ጋ ሄደች። ያን ሰሞን ውሃ በሳምንት አንዴ ነበር የሚመጣው፤ እኔ ደግሞ በፈረቃ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ልጅ የምትይዝልኝ አላገኘሁም። ስለዚህ ሁለት ዓመት የሞላትን ልጄን እናቴ ለአንድ ወር ብላ ይዛት ሄደች። ወሩ ሦስት ዓመት ተኩል ሆነ። ያለ ይለፍ ወረቀት ከአሥመራ መውጣት አይቻልም። አራት ጊዜ ጠየቅኩ፤ አራቱንም ጊዜ ያው ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ባልሽ የት ነው? አላውቅም እለዋለሁ። ስታውቂ ተመለሺ ይለኛል።

የቀረኝ ሩጫው ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ የከተማው ፋብሪካዎች ሴት ሠራተኞች ይወዳደራሉ፤ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት አዲስ አበባ ለሚደረገው የሠራተኞች ውድድር በአውሮፕላን ይላካሉ። የቡድኑ ይለፍ በአንድ ዝርዝር፣ በአንድ ማኅተም ነው የሚወጣው። ባልሽ የት ነው የሚል የለም። ይህን የሰማሁ ቀን ነው የሸራ ጫማ የገዛሁት።

ችግሩ የት ይሮጣል የሚለው ነው። ሰዓት እላፊው ሳያበቃ መንገድ ላይ መሮጥ ጥይት መጋበዝ ነው። ካበቃ በኋላም ቢሆን ሴት ስትሮጥ ያየ ወታደር ከምን እንደምትሸሽ ሳይጠይቅ አያሳልፋትም። ስለዚህ የማታ ፈረቃ በሆንን ሳምንት፣ ሰዓት እላፊው ይዞን ፋብሪካው ውስጥ ስናድር፣ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ በግቢው አጥር ሥር እዞራለሁ። ግቢው ጠባብ ነው፤ አንዱን ማዕዘን ሳትጨርሽው ሌላው ይመጣል። እኔ የምዞረው ወደ ግራ ነበር። ለምን ወደ ግራ እንደጀመርኩ አላስታውስም፤ ምናልባት መጸዳጃ ቤቱን ቶሎ ለማለፍ ይሆናል።

ስድስት ወር ያህል ብቻዬን ከዞርኩ በኋላ አንዲት የመጠቅለያ ክፍል ሠራተኛ መጣች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። አባቷ መደበር በሚባለው የቀጥቃጮች ገበያ አሮጌ በርሜል እየቆረጠ ፎርኔሎ፣ የከሰል ምድጃ፣ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነው። ቀድሞውንም አትወደኝም ነበር። አንድ ጊዜ የምርት ዕቅዱ ውሸት ነው ብላ ለጓደኞቿ ያወራችው ወሬ ካድሬው ጆሮ ገብቶ፣ በውይይት ክበቡ ፊት አቁመው ግለ ሂስ አስወርደዋታል። ያወራሁባት እኔ መሰልኳት፤ የፖሊስ ልጅ ነኛ። እኔ አልነበርኩም። ግን ሳትጠይቀኝ ስለፈረደችብኝ፣ እኔም አይደለሁም ብዬ ልለማመጣት አልፈለግኩም።

ይህች ሴት እንግዲህ መሮጥ ስትጀምር ከኋላዬ መከተሉ ሞት መሰላት መሰለኝ፣ ወደ ቀኝ ዞረች። በዚያች ግቢ ውስጥ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ፊት ለፊት እንገናኛለን። ሰላምታ የለም። አንዷ ለሌላዋ መንገድ አትለቅም፤ ትከሻችን ለጥቂት ይተላለፋል። ሁለት ዓመት ተኩል እንዲህ ዞርን። ስንነጋገርም፣ መነጋገር ግድ ከሆነ፣ ያው ነበር። ትግርኛዬ ከእሷ አያንስም፤ እሷ ግን ሆን ብላ በአማርኛ ታናግረኛለች፣ እንግዳ ነሽ ለማለት። እኔ ደግሞ በትግርኛ እመልስላታለሁ።

ባለፉት ሁለት ውድድሮች አልቀናኝም ነበር፤ የግራ አገዳዬ መታመም የጀመረው ከሦስተኛው ሁለት ወር በፊት ነው። መጀመሪያ ስሮጥ፣ ቀጥሎ ደረጃ ስወጣ፣ በመጨረሻም ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ክር ስቀጥል ያመኝ ጀመር። የበሩ ዘበኛ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ አንድ ጠዋት ጠርተው እንደ ዘይት መጭመቂያ ግመል በአንድ ወገን ብቻ ስለምዞር መሆኑን ነገሩኝ። አቅጣጫሽን ቀይሪ፣ ይተውሻል አሉ። እውነታቸውን እንደሆነ እዚያው ገባኝ። ነገር ግን ወደ ቀኝ ብዞር እሷን መከተሌ ነው። ተሸነፈች ብላ በከንፈሯ ስታሽሟጥጥ ታየኝ። ስለዚህ በሚያመው እግሬ ወደ ግራ መዞሬን ቀጠልኩ። በሕይወቴ ብዙ ቂልነት ሠርቻለሁ፤ እንደዚህ እያወቅኩ የሠራሁት ግን የለም።

የውድድሩ ዋዜማ ቅዳሜ የጠዋት ፈረቃ ገባሁ። ለተወዳዳሪ ዕረፍት ይሰጣል ተብሎ ነበር፤ ምርት ይጎዳል ተብሎ ተሰረዘ። ስምንት ሰዓት በእግሬ ቆምኩ። ያን ቀን ክሩ እየተበጠሰ ስንቴ እንዳጎነበስኩ አልቆጠርኩትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልጠገብኩም። አንዳንዴ ማሽኑ ላይ ቆሜ ዓይኔ ይከደንና የጎረቤቴ ጉሸማ ነበር የሚያነቃኝ።

ከሥራ ስንወጣ የስፖርት ኮሚቴው ሊቀመንበር ሰበሰበን። ካኪ ሱሪና ሸሚዙን በቀን ሁለቴ የሚያስተኩስ፣ ሮጦ የማያውቅ፣ አጭር ሰው ነው። ካናቴራ አደለና ስለ ስፖርትና ስለ አብዮት አንድ ሰዓት ከግማሽ አወራ፤ እኛ ቆመን እንሰማለን። እኔ ክብደቴን ቀኝ እግሬ ላይ ጥዬ ነበር። አይቶኛል። ጉዳት ያለበት ካለ አሁኑኑ ይናገር፣ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን አለና ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ።

«ጓዲት፣ እግርሽ ደህና ነው?» አለኝ።

ደህና ነው አልኩት፤ ለማሳመንም በግራ እግሬ ቆምኩለት። ዓይኔ እንባ ሲሞላ ወደ ሰማይ አየሁ። የመጠቅለያ ክፍሏ ሴትዮ ከጎኔ ናት፤ እሷም አይታኛለች። አፏን አልከፈተችም። ያንንም አልወደድኩላትም፤ ብትናገርብኝ ቢያንስ የምጠላበት ምክንያት በዛልኝ ነበር።

ከዚያ እያነከስኩ ገዛ ባንዳ ወዳሉት ወጌሻ ሄድኩ። ከልጅነቴ የሚያውቁኝ ሽማግሌ ናቸው። አገዳዬን በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ጫን ጫን እያሉ ወረዱና አንዲት ቦታ ላይ ሲደርሱ ጮህኩ። እጃቸውን አነሱ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ይሄ ሥር አይደለም። ዐጥንት ነው። ተሰንጥቆ ይሆናል» አሉኝ። «ዐጥንት በእሽት አይድንም። አርባ ቀን ትተኚለታለሽ።»

አርባ ቀን የለኝም፣ እሰሩልኝ ብቻ አልኳቸው። አይሆንም አሉ። ለመንኳቸው፤ ተቆጡ። በመጨረሻ የቀሚሴን መቀነት ፈትቼ ራሴ ማሰር ስጀምር ነጠቁኝና ጥብቅ አድርገው አሰሩት። ነገ ብትሮጪ እኔ ጋ አልመጣሽም፣ እኔም አላየሁሽም ብለው በሩን ከፈቱልኝ። እንዳልመረቁኝ ልብ ያልኩት መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ቤት ስገባ የእናቴን የመጨረሻ ደብዳቤ እንደገና አነበብኩት። እናቴ ራሷ አትጽፍም፤ የአጎቴ ልጅ ነው የሚጽፍላት፣ ስለዚህ ደብዳቤዋ ሁሌ እንደ ማመልከቻ ነው። በዚያ ደብዳቤ ግን ከሰላምታው ቀጥሎ እንዲህ ይላል፤ ልጅቷ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር እናቴ ከአሥመራ መጣች እያለች ደጅ ትወጣለች፤ አሁንስ ምን እንደምላት ቸገረኝ። ወረቀቱን አጥፌ ከትራሴ ሥር አደረግኩት። ደክሞኝ ስለነበር ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም። ልብሴን ሳላወልቅ ተኛሁ።

እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቪላጆ ጀኒዮ የሚባለው ሰፈር ተሰለፍን። ቦታው የተመረጠው ለእኛ ታስቦ አይደለም። መንገዶቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ በአራቱ ማዕዘን አራት ወታደር ከቆመ ሰፈሩ ይዘጋል፤ ለጥበቃ ይመቻል። በዚያች አራት ማዕዘን ዙሪያ አራት ጊዜ እንዞራለን። ሊቀመንበሩ በእጁ እያሳየ አስረዳን፤ በቀኝ ታጥፎ፣ በቀኝ ታጥፎ፣ በቀኝ ታጥፎ። አሥራ ስድስት ማጠፊያ፣ ሁሉም በቀኝ። ከተማው ውስጥ በተለይ ለቀኝ ማጠፊያ የተሠራ እግር ያላት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ሁለት ክንድ ርቃ ቆማ የጫማዋን ማሰሪያ ታጠብቃለች።

ሃያ የምንሆን ነበርን። አንዷ፣ የሌላ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የታወቀች ሯጭ ናት፤ ፊሽካው ሲነፋ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ጀርባዋን እንጂ ፊቷን ያየ የለም። ውድድሩ ለሁለተኛነት ነበር። የመጀመሪያውን ዙር በልቤ እየተራገምኩ ጨረስኩ። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ሕመሙ ይቻላል፤ ጥርሴን ነክሼ እችለዋለሁ። ማጠፊያው ላይ ግን ሰውነቴ በሙሉ ግራ እግሬ ላይ ያርፍና አገዳዬ ውስጥ ቢላ የሚዞር ይመስለኛል። እሷ በእያንዳንዱ ማጠፊያ ትደርስብኛለች፤ እኔ በቀጥታው መንገድ እጥላታለሁ። ደግሞ ማጠፊያው ይመጣል።

ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየወጣ በየአጥሩ ሥር ቆሞ ያይ ነበር። ነጠላቸውን የተከናነቡ ሴቶች ለእሷ ኣጆኺ፣ አይዞሽ፣ ይሏታል፤ እኔን ያዩኛል። ግን አንዲት አሮጊት አላወቁኝ ኖሮ ለእኔም ኣጆኺ አሉኝ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ወዲያው ሦስተኛው ማዕዘን ላይ የቆመው ወታደር፣ የፋብሪካችንን በር ሲጠብቅ የሚያውቀኝ፣ በርቺ የኛ ልጅ ብሎ በአማርኛ ጮኸ። አሮጊቷ ፊታቸውን አዞሩ። በዚያን ሰዓት የጠላሁት ያንን ወታደር ነው፤ ምስኪን፣ ለእሱ ማበረታታቱ ነበር። ከዚያ ማዕዘን በኋላ ለእኔ የወጣ አንድም ድምፅ አልሰማሁም፤ ሰው ሳልፍ ዝም፣ እሷ ስታልፍ ሆ ይላል።

በሦስተኛው ዙር መቀነቱ ላላ። በአራተኛው እግሬን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ይዤው ነበር የምሮጠው። ድካሙ ደግሞ ሌላ ነው፤ የሦስት ሳምንት እንቅልፍ አንድ ላይ መጥቶ ዓይኔ ላይ ተቀመጠ። መንገዱ ሲጠብ ሲሰፋ ይታየኛል። አሁን ብወድቅ እዚሁ እተኛለሁ፣ ማንም አያስነሳኝም ብዬ አሰብኩ፤ እንደዚያ ማሰቡ ራሱ ደስ ይል ነበር። ግን ሁለተኛ ነኝ። ከኋላዬ የጫማዋን ድምፅ እሰማለሁ፤ ሁለት ዓመት ተኩል የሰማሁት ድምፅ ስለሆነ ከሃያ ሰው መካከል እለየዋለሁ።

የመጨረሻው ማጠፊያ ላይ፣ በእኔና በአንድ ቪላ የግንብ አጥር መካከል ገባች። ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ነበር። ልተውላት እችል ነበር፤ አልተውኩላትም። በቀኜ ተጠጋኋት። ክርኗ ግንቡን ሲፍቅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ተደናቀፈችና በጉልበቷ ወደቀች። የማዕዘኑ ወታደር ፊቱን ወደ ሰዉ አዙሮ ስለነበር አላየም። ያወቅነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ዛሬ አፍርበታለሁ። ያን ጊዜ ግን አላፈርኩም፤ የልጄን ፊት ለማስታወስ እየሞከርኩ ነበር፣ የሁለት ዓመት ፊቷ ብቻ ነው የሚመጣልኝ።

ሁለተኛ ወጣሁ። ቁጥር የተጻፈባት ካርቶን በእጄ ሰጡኝ። ካርቶኗን ጨብጬ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። መቀመጥ አልነበረብኝም። ትንፋሼ ሲመለስ እግሬ አብጦ መቀነቱን ወጥሮት ነበር፤ ስሜ ሲጠራ ስነሳ መሬቱን አልረግጥ አለኝ።

ሊቀመንበሩ ከአንድ ትንሽ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ዝርዝሩ ፊቱ ነው፤ ከአንደኛዋ ስም ሥር ባዶ መስመር አለ። ስሜን እንዲጽፍ ካርቶኗን አስቀመጥኩለት። አላነሳትም። እስቲ እዚያች ዛፍ ድረስ ሮጠሽ ተመለሺ አለኝ። ዛፏ ሃያ እርምጃ አትርቅም። ሰባተኛው ላይ እግሬ ከዳኝ፤ ዛፏ ጋ የደረስኩት በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ነው። ስመለስ የሚያየኝ ሰው ብዙ ነበር፤ የሳቀም አለ።

ሁለተኛ የወጣሁት እኔ ነኝ አልኩት። አርባ ቀን ሳይሆን አሥር ቀን ብተኛ እንደሚሻለኝ፣ አዲስ አበባም ደርሼ ባልሮጥ እንኳ ጉዳት እንደሌለው፣ ብዙ ነገር ተናገርኩ። ለምኜው የማላውቀውን ሰው ለመንኩት። ልጄን ነገርኩት። ብዕሩን ከድኖ ጎንበስ አለና ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርጎ ተናገረኝ።

«ያንቺን ስም ባስገባ ስለ ባልሽ እኔንም መጠየቃቸው አይቀርም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ምን እንደማደርግ ጨንቆኝ ነው ያደርኩት። እግርሽ ገላገለኝ።»

ከዚያ ሦስተኛ የወጣችውን ጠራ። መጣች። ከክርኗ እስከ እጇ አንጓ ደም ወርዷል፤ ጉልበቷ ላይ ካናቴራዋን ጨምቃ ይዛለች። ምን ሆነሽ ነው አላት። አየችኝ። እኔም አየኋት፤ የምክድበትን ቃል አዘጋጅቼ ነበር። «ወደቅኩ» አለችው በአማርኛ። ስሟን በባዶው መስመር ላይ ጻፈ።

ሳምንቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ሰነበተ። እግሬ አይደለም፤ እግሬ ተሽሎት ነበር፣ ማለት መቆም ችዬ ነበር። የሚያንገበግበኝ እሷ መሄዷ ነው። አዲስ አበባ ማንም የላትም፤ ከተማ አይታ ትመለሳለች። ከመሄዷ ሁለት ቀን በፊት ግን እልሄን ዋጥኩት። ከፋብሪካው ፍተሻ እየደበቅኩ ባወጣሁት ብጣሽ ክር ለልጄ የሠራሁት ሹራብ ነበረኝ፤ እሱንና አንድ ከረሜላ በላስቲክ አስሬ መደበር ወረድኩ። አባቷ በርሜል ሲቀጠቅጥ ስለነበር መነጋገር አይቻልም፤ መዶሻውን አስቀምጦ ወጣልን። ክርኗ ታስሮ ነበር። ወንበር አላቀረበችልኝም። አዲስ አበባ ልጅ አለችኝ፣ ይህን አድርሽልኝ አልኳት። የት እንደሆነ ጠየቀች፤ ጻፍኩላት። ሹራቡን አውጥታ አገላበጠችው።

«ቁመቷ እንዴት ነው?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም። ሕራይ፣ እሺ፣ ብላ ሹራቡን መልሳ ላስቲኩ ውስጥ ከተተችው። ስለ ግንቡ ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ነበር የሄድኩት፤ አፌ አልታዘዝ አለኝና ተመለስኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመለሰች። ጠዋት ፈረቃ ሳይገባ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ጠበቀችኝ። ሌሎቹ ወጥተው እስኪያልቁ ሽርጧን ታስራለች፣ ትፈታለች። ብቻችንን ስንቀር ዕቃውን ማድረሷን ነገረችኝ። ሹራቡ ጠቧታል፤ እናቴ ተርትራ እንደገና ልትሠራው ነው። ልጅቷ ደህና ናት። አመሰገንኳትና ልወጣ ስል፣ ቆዪ አለችኝ።

«ደጅ ነበረች» አለች። «ከአሥመራ ነው የመጣሁት ስል ሰማችኝ። ሮጣ መጥታ ተጠመጠመችብኝ። እማዬ አለችኝ።»

ግድግዳውን ያዝኩ። ምን አልሻት አልኳት።

«ምንም። እናትሽን አየኋት፤ እናትሽ መሬት መሬቱን አየች። እኔም ዝም አልኩ።»

ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ጠየቅኳት። አንድ ከሰዓት ነው ትለኛለች ብዬ ነበር። ሦስት ቀን ነው አለችኝ። ውድድሩ እስኪደርስ ልምምድ ሲያልቅ በየቀኑ ትሄድ ነበር። ልጄ እጇን ይዛ ለጎረቤት ሁሉ አሳይታታለች። ጸጉሯን ሠርታላታለች። በሦስተኛው ቀን ጭኗ ላይ ተኝታ ሳለች ቀስ ብላ አውርዳት ልትወጣ ስትል ልጄ ነቅታለች።

«መቼ ትመለሻለሽ አለችኝ» አለች። «ሌላ ውድድር ሳሸንፍ አልኳት።»

በጥፊ ልላት እጄ ተነስቶ ነበር። ለግንቡ የከፈለችኝ ብድር ነው? ለግለ ሂሱ? ወይስ ለልጅ አዝና ነው? ፊቷ ላይ ፈለግኩት፤ ያው የማይፈታ ፊት ነው፣ ምንም አላገኘሁበትም። እናትሽ ሞተች ብትላት ይሻል ነበር አልኩ በሆዴ፤ ወዲያው ደግሞ አይ፣ አይሻልም አልኩ። ልጄ እናቷን አይታለች። ጠብቃ ጠብቃ እናቷ መጥታላታለች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ክርኗ የቆሰለ እናት። አንድ ቀን እኔ እዚያ ደጅ ብደርስ፣ እኔ ማን ልባል ነው?

የትኛውን እጅሽን ነው የያዘችሽ አልኳት። ቀኝ እጇን ዘረጋችልኝ። ደወሉ እስኪደወል ድረስ ይዤው ቆምኩ፤ ከዚያም በፊት ሆነ ከዚያ በኋላ፣ እጁን ይዤ ሳለሁ እንደ እሷ አምርሬ የጠላሁት ሰው የለም።